የሪሞት ሄሊኮፕተር ማረጋጊያ የቱ ይሻላል? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስለ ሪሞት ሄሊኮፕተር ማረጋጊያ የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። ማረጋጊያ የምለው ጋይሮ በሚባል ዳሳሽ ሄሊኮፕተሩ እንዳይዋልል የሚይዘውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ነኝ። የ450 መጠን ሄሊኮፕተር ልገዛ ነው። ከቪባር፣ ከስፒሪትና ከማይክሮቢስት የቱን ማረጋጊያ ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሦስቱም በደንብ ያበራሉ። የአበራረር ልዩነታቸውን ጀማሪ እጅ አይለየውም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ ሪሲቨርህ (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) ከማረጋጊያው ጋር ይግባባል? ላፕቶፕስ አለህ? ማይክሮቢስት በራሱ ቁልፍና መብራቶች ስለሚስተካከል ሜዳ ላይ ይመቻል። የቼኮቹ ስፒሪት በኮምፒውተር ሲስተካከል ሁሉ ነገር ስክሪን ላይ ይታይሃል። የጀርመኖቹ ቪባር ከራሱ ሪሞት ጋር ሲሆን ግሩም ነው፣ ኪስ ግን ይጎዳል። ቅርብህ ያለ ጓደኛ አንዱን ይዞ ከሆነ ያንኑ ያዝ። ሴቲንግ ሲጠፋብህ አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ከስም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሬስኪው ለሚባለው ተጨማሪ ብር ማውጣት ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል፣ ሳታቅማማ ክፈል። ግራ ሲገባህ ስዊቹን ትመታለህ፤ ሄሊኮፕተሩን ቀና አድርጎ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንዴ ሲወድቅ ብሌድ፣ ዘንግና ጅራት ይዞ ነው የሚሄደው፤ መለዋወጫው ደግሞ እዚህ ሱቅ አይገኝም። አንዳንዱ ሞዴል ላይ ሬስኪው ለብቻው የሚገዛ ሶፍትዌር ስለሆነ ሳትከፍል በፊት አጣራ። መጀመሪያ ከፍ ብለህ ሞክረው። ባሕር ዛፍ ግን አያይልህም።

ጥያቄ፦ ድሮን እጅ ሲለቁት ባለበት ይቆማል። ይሄስ?

መልስ፦ አይቆምም፣ እህቴ። ጋይሮ የሚለካው መሽከርከርን ነው፤ የት እንዳለ አያውቅም። ነፋስ ከወሰደው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የምትመልሺው አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ላይ ሸጋ ሆኖ ይበራል። ደብረ ብርሃን ስወጣ ይከብደዋል፣ ጅራቱም ያመልጠኛል። ጋይሮ ልቀይር?

መልስ፦ ብርህን አታባክን፤ ያነሰህ አየር ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ጋይሮ ማዘዝ እንጂ ግፊት መፍጠር አይችልም። ከታች ባለህ ሴቲንግ ላይ የዋናውን ብሌድ ፍጥነት ከ7 እስከ 8 በመቶ ብትጨምር የጠፋው ግፊት ይመለሳል። የጅራቱ ብሌድም በማርሽ ወይም በቀበቶ ከዋናው ጋር ስለተያያዘ አብሮ ይፈጥናል። አምራቹ ከወሰነው ጣሪያ ግን አትለፍ፤ ሲበጠስ የሚወረወር ብሌድ ሰው ይገድላል። ይህን አድርገህም ጅራቱ ካመለጠ ትንሽ ረዘም ያለ የጅራት ብሌድ ሞክር። ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ሰዓት ቆጣሪህን አሳጥር።

ጥያቄ፦ በኅዳር ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ ሳበራው ዝም ብሎ ወደ ጎን ያዘነብላል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ጋይሮው ሙቀት ሲለዋወጥበት ዜሮውን ይስታል። ሞቅ ካለ ቤት አውጥተህ ወዲያው አታብራው፤ ውጭ ትንሽ ይቀመጥና አየሩን ይልመድ። ስታበራውም መሬት ላይ ይሁን፣ መብራቱ ዝግጁ ነኝ እስኪል አትንካው። ባትሪው ግን በተቃራኒው ነው፣ እሱን ጃኬትህ ውስጥ አሙቀው።

ጥያቄ፦ አዲስ ማረጋጊያ ገጥሜም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ጌይኑን (ማረጋጊያው ምን ያህል በኃይል እንደሚያርም የሚወስነውን ሴቲንግ) ቀንስና እይ። ካልቆመ የተጣመመ ዘንግ ወይም ሚዛኑን ያልጠበቀ ብሌድ ፈልግ። ማረጋጊያው የተለጠፈበት ፕላስተርም ይታይ። ገመዱ ተወጥሮ ሳጥኑን እየጎተተ ከሆነ ንዝረቱ በገመዱ በኩል ይገባል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ጥያቄ፦ ፍላይባር (ከብሌዱ ጋር የሚሽከረከር የድሮ ማረጋጊያ ዘንግ) ያለው አሮጌ ሄሊኮፕተር አለኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ ዋናው ብሌድ የሚታሰርበትን የላይኛውን ክፍልና ምናልባትም ሰርቮዎቹን (ብሌዱን የሚያዘነብሉትን ትንንሽ ሞተሮች) መቀየር ይጠይቃል። የሚበር ከሆነ እስኪሰበር አብርረው።

ጥያቄ፦ ርካሹ ቅጂስ?

መልስ፦ ይበራል። የዋናው ፋብሪካ ሶፍትዌር ግን አይጫንበት ይሆናል፤ ችግር ሲመጣም የሚመልስልህ የለም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?

መልስ፦ አዎ። ሰው አልባ በራሪ ነገር ከውጭ ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ይጠየቃል፤ ከመግዛትህ በፊት ጨርሰው። እስከዚያ ሲሙሌተር ላይ ተለማመድ። እዚያ ብሌድ ቢሰበር የሚከፈል የለም።