ቁስሉ ቶሎ የሚጠግግ፣ በእሳትም የማይበገር ጭራቅ

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይህ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ አምስተኛ ደረጃ የደረሱ አራት ገጸ ባሕርያት ያሉት ቡድንዎ፣ ሕፃናት በሚጠፉበት መንደር ከአንድ ጭራቅ ጋር በሌሊት ሁለት ጊዜ ገጥሞ ሁለቱንም ጊዜ አምልጦታል። የጭራቁ ቁስል በየራውንዱ (ሁሉም አንድ አንድ ተራ በሚያገኝበት የስድስት ሴኮንድ ዙር) ይጠግጋል፤ ዘይት አፍስሳችሁ ብታቃጥሉትም መጠገጉ አልቆመም። የማጥቂያ ድምራችሁ (የተወረወረው ዳይስ ቁጥርና ጭማሪው) 15 ሲሆን ስታችሁታል፣ 16 ሲሆን መታችሁት። አስማት የሌለው ሰይፍ ሙሉ ጉዳት አድርሶበታል። ሁለት ባልደረቦችዎ በአስማት እንቅልፍ ሲወድቁ ኤልፏ (የአስማት እንቅልፍ የማይዘው ዘር ናት) አልተኛችም። አካባቢውን የሸፈነው ጨለማም ጭራቁ ከዓይን በተሰወረበት ቅጽበት ተገፈፈ።

ይህን የመጨረሻውን ምልክት ሳነብ ነው ኦኒ (መልኩን የሚቀይር አስማተኛ ግዙፍ ጭራቅ) መሆኑ የታየኝ። ጨለማ ማልበስም ሆነ መሰወር የአስማተኛውን ትኩረት የሚይዙ ስለሆኑ፣ አንዱ ሲጀመር ሌላው ይለቀቃል። ሁለቱን እንዳሻው የሚደጋግም፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚያስተኛ፣ በዚያ ላይ ቁስሉ የሚጠግግ ፍጡር በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም ሕግ ስፈልግ ከኦኒ ሌላ አይመጣልኝም። አርሞር ክላሱም (እሱን ለመምታት ድምራችሁ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር) 16 ነው። ቫምፓየርም 16 አለው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ሆኖም አስማት የሌለው ሰይፍ በቫምፓየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በግማሽ ይቀንሳል።

ከእኔ በፊት «መድኃኒቱ እሳት ነው» ያላችሁ ሰው ግን አናድዶኛል። ቁስሉ የሚጠግግ ሁሉ ትሮል የተባለው ጭራቅ የሚመስላቸው ሰዎች ስንቱን ቡድን ዘይት አስጨርሰውታል! ትሮል በእሳት ወይም በአሲድ ሲጎዳ በሚቀጥለው ተራው አይጠግግም፤ ሬቨናንትም (ለበቀል የተነሣ ሙት) በእሳት ወይም በብርሃን ጉዳት እንዲሁ ነው። ለኦኒ እሳት እንደማንኛውም ጉዳት ነው።

ወደ ቁስሉ መጠገግ ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አስጠነቅቃለሁ፦ በአንድ ቦታ አትሰብሰቡ። ኦኒ በቀን አንድ ጊዜ 60 ጫማ የሚረዝም የብርድ ሾጣጣ ይለቃል፤ ጉዳቱ ስምንት ባለ 8 ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 36 ነው። በአምስተኛ ደረጃ ያለ አስማተኛ አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) እንኳ የለውም። እስካሁን አልተጠቀመበትም ማለት የለውም ማለት አይደለም።

አሁን ሁልጊዜ ወደማስረዳው ሒሳብ ልምጣ። ኦኒ በአማካይ 110 ሂት ፖይንት አለው፤ ቢያንስ 1 ከቀረው ደግሞ በእያንዳንዱ ተራው መጀመሪያ 10 ይመልሳል። ቡድናችሁ በራውንድ 30 ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ ከመጀመሪያው ራውንድ በኋላ 80 ይቀረውና ወደ 90 ይመለሳል፤ ከዚያ 60 ሆኖ ወደ 70 ይወጣል፤ እንዲህ እያለ በአምስተኛው ራውንድ ያልቃል። ጉዳታችሁ በግማሽ ቀንሶ 15 ቢሆን ግን ውጊያው በእጥፍ የሚረዝም እንዳይመስላችሁ፤ የተጣራው ትርፋችሁ በራውንድ 5 ብቻ ስለሚሆን 20 ራውንድ ይፈጃል። ሸሽቶ 11 ራውንድ ካገኘ፣ ማለትም 66 ሴኮንድ ካረፈ፣ ሞት አፋፍ ላይ የነበረውም ቢሆን እንደ አዲስ ይሆናል። የመጀመሪያው ሌሊት ድካማችሁ ለሁለተኛው ያልጠቀመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መጠገጉን ራሱን ማስቆም ያስፈልጋል፤ ለዚህም ቺል ተች የተባለው ተራ አስማት ይበቃል። ከመታው፣ አስማተኛው የሚቀጥለውን ተራውን እስኪጀምር ድረስ ኦኒ አንድም ሂት ፖይንት መመለስ አይችልም። በየራውንዱ ካገኛችሁት 20 የነበረው ራውንድ ወደ 8 ይወርዳል። ፌሪ ፋየር የተባለውን የብርሃን አስማት የሚችል ባልደረባ ካለ እሱንም ያዘጋጅ፤ ያ ብርሃን ያረፈበት ፍጡር መሰወሩ አይጠቅመውም።

የሚቀረው መንደር ውስጥ የሰው መልክ ይዞ የተቀመጠውን መለየት ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ኦኒ ሰው ሲመስል መጠኑ እንጂ ችሎታው አይቀየርም፤ ጣቱን በመርፌ ብትወጉት ቁስሉ በስድስት ሴኮንድ ውስጥ ይዘጋል። ከዕቃው ሁሉ አብሮት የሚያንሰው ረጅም እጀታ ያለው ጦር መሳሪያው ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መሳሪያ ያለ ምክንያት ቤቱ ያስቀመጠውን ሰው አስቀድሙ። የጨዋታ መሪያችሁ ቁጥሮቹን ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ገጸ ባሕርያችሁ ይህን ሁሉ ማወቅ ይችል እንደሆነ በዳይስ አስወስኑት። መርፌውን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሌሎቻችሁ በየአቅጣጫው ተበታትናችሁ ቁሙ፤ ምርመራውን ለማየት ብላችሁ ዙሪያውን አትሰብሰቡ።