ለድርጭት አደን የሚሆን ቀላል ጠመንጃ

ጥያቄ፦ ለድርጭት አደን ቀለል ያለ ከፊል አውቶማቲክ ሾትገን ልገዛ ነው። ጌጅ 12 ይሻለኛል ወይስ 20? በጋዝ የሚሠራው ወይስ በኢነርሺያ?

መልስ፦ ጌጅ 20 ይውሰዱ፤ ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፣ 20ው ከ12ው ይጠባል። ድርጭት አብዛኛውን ጊዜ የምትመታው ከ15 እስከ 25 ሜትር ውስጥ ስለሆነ፣ 25 ግራም ገደማ የእርሳስ እንክብል፣ መጠኑ ቁጥር 8 ወይም 7½ የሆነ፣ ይበቃል። ቾኩ (የአፈሙዙ ጫፍ መጥበቢያ) ሰፋ ያለ ይሁን፤ ጠባብ ቾክ በዚህ ርቀት ወይ ያስታል ወይ ሥጋውን ያበላሻል።

ክብደቱ ከ2.5 እስከ 2.8 ኪሎ፣ የአፈሙዙ ርዝመት 66 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በታች የቀለለ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ቶሎ ይወጣል፤ ነገር ግን ወፏን ሲከተሉ እጅዎ ላይ ቀጥ ይልና ከኋላዋ ይተኩሳሉ።

በጋዝ የሚሠራው፣ ማለትም የባሩዱ ጋዝ ፒስተን እየገፋ መዝጊያውን የሚከፍትለት፣ ምቱ ለስላሳ ነው፤ ፒስተኑ ላይ ግን ጥላሸት ይከማቻል። ሳይጸዳ ሲቆይ ቀለህ መትፋት ያቅተዋል። ዘይት ማብዛትም መፍትሔ አይደለም፣ አቧራ ይሰበስባል። ኢነርሺያው፣ ማለትም ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ በሚገፋበት ኃይል የሚሠራው፣ ንጹሕና ቀላል ነው፤ ትከሻን ግን ጠንከር አድርጎ ይመታል። ሌላም ጠባይ አለው፦ መዝጊያውን በእጅ ይዘው ቀስ ብለው ከመለሱት የመዝጊያው ራስ ዞሮ ላይቆለፍ ይችላል። ያኔ ቃታ ሲስቡ «ቀጭ» ብሎ ይቀራል፣ ድርጭቷም ትሄዳለች። ስለዚህ በራሱ ኃይል ይዘጋ።

ብዙ የሚራመዱ ከሆነ ኢነርሺያውን እመርጣለሁ። ከአደን በፊት በሚጠቀሙበት ቀላል ጥይት 50 ያህል ተኩሰው ይፈትሹት።