በመንፈሳዊ ፊልም ላይ ጨለማን መጠቀም ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አጫጭር መንፈሳዊ ፊልሞች እሠራለሁ። ክፉውን ሰው ጥላ ውስጥ፣ ጻድቁን ብርሃን ላይ አደርጋለሁ። አንድ የማከብራቸው ወንድም «ጨለማ የዲያብሎስ ነው፤ ቅዱሳት ሥዕላት እንኳ ጥላ የላቸውም፤ ተይው» አሉኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሥዕላቱ ያሉሽ እውነት ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። ብርሃኑ ከፀሐይ ወይም ከመስኮት የመጣ አይደለማ! በብዙዎቹ ላይ ያለው ወርቃማ መደብም የእግዚአብሔርን ክብር የሚያሳይ ነው። ግን ጨለማም ይሣላል። በቀደምት የልደት ሥዕሎች ሕፃኑ የተኛበት ዋሻ ውስጡ ጥቁር ነው። በትንሣኤው ሥዕልም ከጌታ እግር ሥር ያለው ሲኦል እንዲሁ። ብርሃኑ የት ድረስ እንደወረደ የምናየው በዚያ ነው።

ጨለማ ሁሉ የዲያብሎስ ነው የሚለውን ግን አልቀበለውም። ሙሴ የቀረበው እግዚአብሔር ወዳለበት ጨለማ ነው (ዘጸ. 20፥21)። ድውያንም የጴጥሮስ ጥላ እንዲያርፍባቸው በአልጋ ወጥተዋል (ሐዋ. 5፥15)። በጥላ መጠቀምሽ በራሱ ኃጢአት የለበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ክፉውን ከመጀመሪያው ማጨለምሽ። ዮሐንስ ምዕራፍ 13ን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ይሁዳ ከሌሎቹ ጋር እኩል ማዕድ ላይ ነው። ጌታ «ከእናንተ አንዱ» ሲል ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርስ ተያዩ እንጂ ማን እንደሆነ አልለዩም። ወንጌላዊው «ሌሊትም ነበረ» የሚለው ይሁዳ ቁራሹን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ነው። አንቺ ብትሆኚ ገና ሲቀመጥ ታጨልሚው ነበር። ተመልካቹም «ያውና ሌባው!» ብሎ ይገላገላል፤ ራሱን አይመረምርም። እባክሽ፣ ማዕዱ ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት መብራት ስጪ። በሩን ሲከፍት ውጭው ይጨልም።

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ የሣለውን የማቴዎስን መጠራት ሥዕልም እዪ። ብርሃኑ በጌታ በኩል ገብቶ ቀራጮቹ ፊት ላይ ያርፋል፤ የጌታ ፊት ግን ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃን ያገኘው ኃጢአተኛው ነው! ያም ሆኖ ገንዘቡ ላይ አቀርቅረው ቀና ያላሉ አሉ። ይህ ለፊልምሽ ትልቅ ትምህርት ይሆንሻል።

ክፉ ለማስመሰል የሰው ፊት በሜካፕ ማጥቆርን ግን ጨርሶ እንዳታስቢው። የቆዳ ጥቁረት ጨለማ አይደለም።

ከወንድም ጋር አትከራከሪ፤ የተናገሩት ከፍቅር ነው። ሠርተሽ ስትጨርሺ አስቀድመሽ ለእሳቸው አሳዪያቸው።