እጅ ሲለምድ፦ ወደ እንክብካቤ ሥራ ልምምድ ለምትወጡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፤

በነርስነት 36 ዓመት ካገለገልሁ በኋላ ጡረታ ወጥቼ፣ አሁን ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ በሳምንት ሦስት ቀን ለተግባር ልምምድ የሚላኩ ተማሪዎችን እከታተላለሁ። አዲስ ቡድን በመጣ ቁጥር፣ ገና ጋዋናቸውን እየለበሱ ሳሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንዷ ቀረብ ብለው በለሆሳስ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ሲስተር፣ እኔ በተፈጥሮዬ ትዕግሥት የለኝም፤ ይህ ሥራ ይሆነኛል?» እስከ ዛሬ እንደ ጠያቂው ሁኔታ በቃል ስመልስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ረጋ ብዬ መጻፉን መረጥሁ።

ባየሁት ልክ፣ በዚህ ሥራ ላይ ትዕግሥት የሚያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የጎደለው ጠባይ ሳይሆን ዕውቀት ነው። በስትሮክ ምክንያት ግማሽ ሰውነታቸው የደከመባቸውን አንድ አባት ቁርስ ያበላ የነበረ ተማሪ ትዝ ይለኛል። አባት ትራስ ላይ ወደ ኋላ ጋደም እንዳሉ በሙሉ ማንኪያ ያጎርሳቸዋል፤ እሳቸው ይስላሉ፣ አጥሚቱ በከንፈራቸው ጥግ ይወርዳል፣ ልጁ ይተነፍሳል፣ በመጨረሻም ሳህኑን አንሥቶ «አይበሉም» አለኝ። ማንኪያውን ተቀብዬ አሳየሁት። ሰውየው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ጉርሻው ግማሽ ማንኪያ ይሆንና በጤነኛው የአፋቸው ወገን ይገባል፤ ከዚያ ማንቁርታቸው ከፍ ብሎ እስኪመለስ ድረስ ይጠበቃል። ቀጭን ውኃ ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ስለሚፈጥን፣ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። በደካማው ወገን ጉንጭ ሥር የተወሸቀ ምግብ መኖሩ ይታያል፤ ከበሉም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እንደተቀመጡ ይቆያሉ። በማግስቱ ያው ልጅ በዚያው አልጋ አጠገብ 40 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ አበላቸው፤ ስልኩንም አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣም። ጓደኞቹ ትዕግሥተኛ ሆነ አሉ። እኔ ግን የሚጠብቀውን ነገር ስላወቀ ነው እላለሁ፤ ዐይኑ ሥራ አገኘ።

ስለዚህ ሙያን በአንድ ወገን፣ ጠባይን በሌላ ወገን አድርጋችሁ አትቁጠሩ። መጀመሪያ ቀን በሕሙማን ሁኔታ የምታለቅስ ተማሪ ሩኅሩኅ ተብላ ትመሰገናለች፤ እኔም እንባዋን አልንቅም። ነገር ግን እውነቱን ልንገራችሁና፣ ከሁለት ተማሪ አንዷን ምረጪ ብባል፣ ከምታለቅሰው ይልቅ የገላ መታጠቢያውን ውኃ ሙቀት በእጅ አንጓዋ ለክታ የምትቀርበውን እመርጣለሁ።

ውኃን ካነሣሁ አይቀር እዚሁ ላይ ትንሽ ልቆይ። በከተማዋ ዳርቻ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው ባዶ የሚሆንበት ቀን አለ። እንዲህ ባለው ቀን አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ እናት በአንድ ባልዲ ውኃ ሙሉ ገላቸው ይታጠባል፤ ሲባል ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያ ንጹሑ ውኃ ለፊት፣ ከዚያ ለክንድ፣ ለደረትና ለሆድ፣ ቀጥሎ ለእግርና ለጀርባ ይውላል፤ ለመጨረሻው፣ ለኀፍረተ ሥጋ፣ ግን በጆግ የተቀመጠ ሌላ ንጹሕ ውኃና ሌላ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ሴትን ሲያጥቡ ምንጊዜም ከፊት ወደ ኋላ ነው። የማይታጠበው አካል በነጠላ ወይም በአንሶላ ይሸፈናል፤ መጋረጃ ከሌለ በሩ ይዘጋል። ሳሙናው፣ ፎጣው፣ ቅያሪ ልብሱና ዳይፐሩ በእጅ ርቀት ካልቀረቡ፣ መሐል ላይ ሰው እርቃኑን ትቶ መሮጥ ይመጣል። ኮሌጅ ውስጥ ዕቅድ ማውጣት የሚባል ትምህርት ሳይኖራችሁ አይቀርም፤ በአንድ ባልዲ ውኃ ሰው አጥቦ፣ አድርቆና አልብሶ ሳያስበርድ የጨረሰ ልጅ ግን ያንን ፈተና በእጁ አልፎታል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንድ ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ ራሳቸውን ችለው መገላበጥ የማይችሉ አንዲት እናት በእጄ ነበሩ። እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ፣ አጥንቱ ከፍራሹ ጋር ቆዳውን ስለሚጫነው፣ በተለይ በጭራ አጥንት፣ በዳሌና በተረከዝ ላይ ደም መዘዋወሩ ይቆምና ቁስል ይጀምራል። ያን ሌሊት ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ሊነጋጋ ሲል፣ ሳላገላብጣቸው፣ የሕመምተኛ መከታተያ ወረቀቱ ማለትም ቻርቱ ላይ «አሁን በጀርባቸው ተገላብጠዋል» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ጊዜ አለመገላበጥ ብቻውን ያን ያህል ላይጎዳ ይችል ነበር፤ የጎዳው ጽሑፌ ነው። የተካችኝ ነርስ ያሰፈርሁትን አምና፣ ጊዜው አልደረሰም ብላ፣ እኚያን እናት ከጠዋት በኋላም በጀርባቸው አቆየቻቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በወገባቸው ግርጌ በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ታየ፤ ከዚያም ተከፈተ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ግን ቻርት ማለት ሌላ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ የሚራመድበት መንገድ መሆኑን ያኔ ተረዳሁ።

በዚህ የተነሣ ያልሠራችሁትን ቀን በመዝገባችሁ ላይ ፈርሚልን ስትሉኝ አልፈርምም። ለብቃት ምዘና ቀኑ ደርሷል፣ ታክሲ አጥቼ ነው፣ ሌሎች ይፈርማሉ የሚለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ታክሲውንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ ከመገናኛ የሚወጣው ሰልፍ በዝናብ ቀን ምን እንደሚመስል ማንም አያስረዳኝም። ይሁን እንጂ ርክክቡ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ እናንተ 2 ሰዓት ስትደርሱ የሌሊቷ ሠራተኛ ቤቷ አትገባም፤ ልጇም ያለ እናት ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ርክክብ ላይ የምትናገሩት ቃልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «አባባ ዛሬ ደህና አይደሉም» ማለት ለተረኛ ነርስ ምንም አይነግራትም። «ትናንት ስሜን ጠርተውኝ ነበር፣ ዛሬ አላወቁኝም፤ ከጠዋት ጀምሮ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ ጠጥተዋል፤ ሽንታቸው ጠቁሯል» ብትሏት ግን ወዲያው ትነሣለች። በዕድሜ የገፋ ሰው በድንገት ሲቃዥ ተማሪዎች ጃጅተዋል ብለው ያልፉታል፤ ይህን ስሰማ እቆጣለሁ። መርሳት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ በአንድ ቀን የመጣ መቃዠት የውኃ ማነስ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ወይም ስኳር ላለበት ሰው የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል፤ ታውቆ ከታከመም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

«አልጋ ማንጠፍ ልማር ነው እንዴ ኮሌጅ የገባሁት?» ያለኝ ወጣትም ነበር። ስለ ማሚቱ ጋሼ ነገርሁት። ማሚቱ በምጥ ጉዳት ፌስቱላ፣ ማለትም ሽንት ወይም ሰገራ ያለፈቃድ የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ይዟት ለሕክምና አዲስ አበባ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች፤ ይህን ሕመም ያክሙ ከነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች፣ ከዶክተር ካትሪንና ከዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን ዘንድ ታክማ እዚያው ስትቀር፣ አልጋ በማንጠፍና ሕሙማንን በመርዳት ጀመረች። መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት፣ አጠገባቸው ቆማ እያየችና እጇን እያለማመደች፣ ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሀምሊኖች ጋር በወርቅ ሜዳሊያ አክብሯታል። ልጁን ቀዶ ሐኪም ትሆናለህ ልለው አልነበረም። አንሶላው ሳይጨማደድ እንዲነጠፍ የምፈልገው ለዐይን እንዲያምር ሳይሆን፣ አንድ እጥፋት ሌሊቱን ሙሉ ቆዳን ስለሚፈገፍግ መሆኑን እንዲያይ ነው።

ስለ አጠራር ጥቂት ልበል። ሁሉንም ሴት እማማ፣ ሁሉንም ወንድ አባባ ማለት አክብሮት ይመስላችኋል፤ አብዛኞቹም ደስ ይላቸዋል። ይሁንና አንዲት የቀድሞ መምህርት ለተማሪዬ «እኔ ወልጄ አላውቅም፤ እማማ ስትይኝ ያንን ታስታውሺኛለሽ» አሏት። ልጅቷ ከዚያ በኋላ «እትዬ» አለቻቸው፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጉራቸውን እንድትሠራቸው ፈቀዱላት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም በዚህ አካባቢ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ኤሰቱ ኢስን ዱኩባ?» ብሎ የት እንደሚያማቸው መጠየቅ ለመማር አንድ ቀን ይበቃል፤ ሕመሙን በራሱ ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

የጾሙ ነገር ከዚህ ከበድ ይላል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም የሚሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ከምግብ ጋር የሚወሰድ እናት ያጋጥሟችኋል። እናንተ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ በስውርም ምንም አትስጡ። ለነርሷ ንገሩ፤ እሷ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ታስተካክላለች፣ ካልሆነም የንስሐ አባታቸው ይጠራሉ። «ለታመመ ይፈቀዳል» የሚለውን ቃል ከካህን አፍ ሲሰሙት ይቀበላሉ፤ ከ20 ዓመት ልጅ ሲሰሙት ግን ድፍረት ነው። በረመዳን ለሚጾሙትም ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጠሩት ሼኩ ናቸው።

ከመኖሪያው ወጥታችሁ በየቤቱ ስትሄዱ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ሌላ ነገር ታያላችሁ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከመሐል ከተማ ከነዕድሜያቸው የመጡ፣ እድራቸውንና የቡና ጎረቤታቸውን እዚያው ትተው የተለዩ አረጋውያን አሉ። ደረጃውን መውረድ ካቆሙ ወራት ያለፏቸው አንድ አባት የጠየቁን የግፊት መለኪያ አልነበረም፤ ወንበራቸውን ወደ በረንዳው እንድናወጣላቸው ነበር። አወጣንላቸው። ስታነሷቸው ግን ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን አታጉብጡ፤ ሰውንም በብብቱ ጎትታችሁ አታንሡ፣ የእሳቸው ትከሻ የእናንተም ጀርባ ይጎዳል።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን ሙያ ይዛችሁ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ እንደምታስቡ አውቃለሁ፤ አልቆጣችሁም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራችሁ የጠየቀው ለእናንተው ጥቅም ነው። እኔ የምለምናችሁ፣ እዚህ ያሉትን አረጋውያን እንደ መለማመጃ አሻንጉሊት እንዳትቆጥሯቸው ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚታየው በመጨረሻው ቀን ነው። አንድ ተወዳጅ ተማሪ ልምምዱን ሲጨርስ ለአንድ አባት «ቅዳሜ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» ብሎ ሄደ። እሳቸው አምስት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን እየተላጩ ጠበቁት፤ በስድስተኛው ቅዳሜ ምላጩን ባመጣሁላቸው ጊዜ «ዛሬ ይቅር» አሉኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ መሰነባበት አላወቀበትም እንጂ። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቀን ከአንድ ሳምንት በፊት ንገሯቸው፤ የማትፈጽሙትን ቃል አትስጡ፤ ቀኑንም እነሱ በሚቆጥሩበት ቁጠሩላቸው፦ «ለሚካኤል እዚህ ነኝ፣ ለገብርኤል አልኖርም» በሏቸው።