ከሐዋሳ፦ ስለ ወሊድ መከላከያ ጠየቃችሁኝ፣ እነሆ መልሱ

ሐዋሳ ውስጥ በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክፍሉ ገብታችሁ ለመጠየቅ ያፈራችሁትን ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ ከደረሱኝ ውስጥ ደጋግመው የመጡትን መረጥኩ።

ሲስተር፣ መርፌ ከጀመርኩ ወዲህ የወር አበባዬ ጠፋ። አማቴ «ደሙ ሆድሽ ውስጥ ተጠራቅሞ ዕጢ ይሆናል» ይሉኛል። (ከታቦር)

እህቴ፣ የተጠራቀመ ደም የለም። በየወሩ የሚፈሰው፣ ማህፀን ፅንስ ቢመጣ ብሎ ያዘጋጀው የውስጥ ሽፋን ነው። የሦስት ወሩ መርፌ እንቁላል እንዳይወጣ ያግዳል፣ የማህፀን በር ፈሳሽን አወፍሮ የወንድ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋል፣ ያንን ሽፋንም ስስ አድርጎ ያቆየዋል። የሚራገፍ ከሌለ ምን ይፈሳል? በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ጊዜው ደም ጠብ ጠብ ማለቱ፣ ቆይቶም ጭራሽ መቅረቱ የተለመደ ነው። ይህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ሊነገርሽ ይገባ ነበር፤ ስንት ሴት ሳይነገራት ቀርቶ ደንግጣ አቋርጣ፣ ሳታስበው አርግዛ መጥታለች! ለአማትሽም እንዲሁ አስረጃቸው፤ የሚናገሩት ላንቺ ተጨንቀው ነው። ደሙ በብዛት ከፈሰሰ፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ ወይም የመርፌው ቀን ካለፈሽ ግን ቶሎ ነይ።

መርፌ መካን ያደርጋል?

አያደርግም። ከሌሎቹ ግን ይዘገያል፦ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፣ አንዳንዷ ከዓመትም በላይ ትቆያለች። በቅርቡ መውለድ ለምታስብ ሴት እኔ መርፌን አልመርጥላትም፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ሲወጣ የማርገዝ አቅም ቶሎ ይመለሳል።

ክንድ ላይ የሚቀበረው ወደ ልብ ይሄዳል የሚባለውስ? (ከቱላ)

የሚቀመጠው ከቆዳ ሥር ነው፤ በጣትሽ ስትዳስሺው ይሰማሻል። ከዓይነቶቹ ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ሆኖ 3 ዓመት፣ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሆኖ 5 ዓመት ይሠራል። ስትዳስሺው ካጣሽው ብቻ መጥተሽ ታዪ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪሬንዝ ጉልበቱን ይቀንሱታል። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ክፍሉ ውስጥ የተነገረ እዚያው ይቀራል።

ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን ድንገተኛ መከላከያ) በወር ሁለት ሦስቴ ብወስድስ? (ተማሪ ነኝ)

አይመርዝሽም፣ ግን የወር አበባሽን ያዛባል፤ እንደ መደበኛ መከላከያም አያስተማምንም። የሚሠራው እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ስለሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ቶሎ ይወሰዳል። የተረገዘን አያስወርድም፣ ከኤችአይቪም አይከላከልም። ተደፍረሽ ከሆነ የኤችአይቪ መከላከያውም በዚያው 72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አትታጠቢ፣ ማንንም አትፍሪ፣ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነይ።

ሉፕን ባሌ ያውቅብኛል?

ሊሰማው የሚችለው የሉፑ ክር ነው፤ ረዝሞ ካስቸገረ ይቆረጣል። ሉፑ ላይ ያለው መዳብ የወንዱን ዘር ያዳክማል፤ ሆርሞን የለውም፣ እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባን ግን ሊያበዛ ይችላል፤ ደም ማነስ ካለብሽ አስቀድመሽ ንገሪን።

ለእኛ ለወንዶችስ ምን አለ? (ከመናኸሪያ)

ወንድሜ፣ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ኮንዶም አለ፤ እርግዝናንም የአባላዘር በሽታንም የሚከላከል እሱ ነው። መውለድ በቃኝ ካልክ ደግሞ የዘር ቱቦን የሚዘጋ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። ወንድነትህን አይነካም፤ ግን የሚያስተማምነው ከ3 ወር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ተጠቀሙ።