መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፋው ፎልደር

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ ነው። በአንድ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ሦስት ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ተያይዘዋል። የደንበኞች ፋይል ያለው በአንዱ፣ በዋናው ላይ ነው፤ ፎልደሩም ያለ ፓስዎርድ ለ«ኤቭሪዋን» ክፍት ተደርጓል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አሮጌው ኮምፒውተር ፎልደሩን ያጣዋል። አዲሱ ባለ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከመጀመሪያውም አልከፍትም ብሏል።

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

መብራቱን በተመለከተ፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለየኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ የሚባለውን ቁጥር) እንደገና ስለሚያድል የዋናው ኮምፒውተር ቁጥር ሊቀየር ይችላል። ኮምፒውተሩ ቀድሞት ከተነሳ ደግሞ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ይሰጣል። ይህን ካዩ ከራውተሩ ምንም አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ያለበትን ኮምፒውተር ብቻ ቋሚ አድራሻ ይስጡት፦ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ፣ ኢተርኔት ገብተው «አይፒ አሳይንመንት»ን ማኑዋል ያድርጉ። ራውተርዎ 192.168.1.1 ከሆነ አድራሻው 192.168.1.200፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌዩና ዲኤንኤሱ 192.168.1.1 ይሁን። አስቀድመው ግን ራውተሩ ውስጥ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው ክፍል) ከስንት እስከ ስንት እንደሚያድል ይዩ፤ 200 እዚያ ውስጥ ከወደቀ ማብቂያውን ወደ 150 ያውርዱት። አለዚያ አንድ ቀን የደንበኛ ስልክ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይጋጫል። እዚያው ገጽ ላይ ኔትወርኩ «ፕራይቬት» መሆኑን ያረጋግጡ፤ «ፓብሊክ» ከሆነ ፋየርዎሉ ይዘጋዋል። ዋናው ኮምፒውተር ስሊፕ እንዳይገባም ያድርጉ።

አዲሱ እንቢ ያለው ተበላሽቶ አይደለም። የዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 እትም ያለ ፓስዎርድ በእንግድነት የሚከፈት ፎልደርን ሆን ብሎ ይከለክላል። ክልከላውን ማንሳት ወይም ኤስኤምቢ 1ን (የዊንዶውስን አሮጌ የፋይል ማጋሪያ ዘዴ) መቀስቀስ እንደ መፍትሔ ሲመከር ይሰማል፤ እኔ አልመክርም። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ቫይረስ የተስፋፋው በዚያው በአሮጌው ኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። ይልቅ ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት አንድ ተጠቃሚ ይፍጠሩ፤ ፓስዎርድ ይኑረው፤ ባዶ ከሆነ በኔትወርክ አያስገባም፣ ፒንም አይሠራም።

ከዚያ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ አድቫንስድ ሼሪንግ፣ ፐርሚሽንስ። «ኤቭሪዋን»ን ያውጡና አዲሱን ተጠቃሚ «ቼንጅ» እና «ሪድ» ሰጥተው ያስገቡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ፎልደሩ ተከፍቶ ሴቭ አላደርግም ሲለው ግራ ይገባዋል። «ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽም ለዚያው ተጠቃሚ «ሞዲፋይ» መስጠት አለብዎት፤ ከሁለቱ ፈቃዶች የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው።

በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ «ማፕ ኔትወርክ ድራይቭ» ብለው \\192.168.1.200\ ጽፈው የፎልደሩን ስም ያስከትሉ። በሌላ ስም ልግባ የሚለውን ምልክት አድርገው የዋናውን ኮምፒውተር ስም፣ \ እና የተጠቃሚውን ስም ያስገቡ። ትክክለኛውን ፓስዎርድ አልቀበልም ካለ «ክሬደንሻል ማናጀር» (ዊንዶውስ ፓስዎርድ የሚያስቀምጥበት) ውስጥ የድሮው ተቀምጦ ይሆናል፤ ያጥፉትና ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። ዊንዶውስ ወደ አንድ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ በሁለት ስም አያስገባም።

ዋናው ኮምፒውተርና ራውተሩ በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ተከፍቶ ሳለ መብራት የሚጠፋበት የዎርድ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ፎቶኮፒውንና ሌዘር ፕሪንተሩን ግን እዚያው አይሰኩ፤ ሲሞቁ የሚስቡት ኃይል ትንሽ ዩፒኤስ ከሚችለው በላይ ነው።