«ልጄ ሮጦ በዋለ ቁጥር ጉልበቱ ያብጣል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሲገረዝ ደሙ ሁለት ቀን ሙሉ አልቆመም ነበር። አሁን ሮጦ በዋለ ቁጥር ጉልበቱ ያብጣል፤ ወጌሻ ቢያሸውም ባሰበት። የእናቴ ወንድም በልጅነቱ እንጥሉን ሲቆረጥ ደም ፈሶት እንደሞተ ይወራል። ጎረቤቴ «ሄሞፊሊያ ይሆናል፤ መድኃኒቱም በውጭ እርዳታ በነጻ ይሰጣል» አለችኝ። እውነት ነው? እርዳታው ሲያልቅስ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ወጌሻው ይቅር። ያበጠው ጉልበት ወለምታ ሳይሆን መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል፤ ማሸት ደግሞ መድማቱን ያባብሳል።

ግርዛቱን፣ ጉልበቱንና የአጎትዎን ሞት አንድ ላይ ሳያቸው ጎረቤትዎ የገመቱትን እኔም እጠረጥራለሁ። ሄሞፊሊያ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ አንድ ፕሮቲን ሲጎድል የሚመጣ፣ በአብዛኛው ከእናት ወደ ወንድ ልጅ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተሰባቸው ምንም ታሪክ የላቸውም።

ጥርጣሬ ግን ምርመራ አይደለም። ኤፒቲቲ የሚባለው የደም መርጋት ምርመራ ከተለመደው ጊዜ በላይ ከወሰደ፣ ቀጥሎ ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 የሚባሉት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ይለካሉ። የጎደለው ፋክተር መጠን ከጤነኛ ሰው 1 በመቶ በታች ከሆነ ሕመሙ ከባድ ነው። መድኃኒቱ የጎደለውን ፋክተር መተካት ነው፤ የጎደለው 8 ሆኖ ሳለ 9 ቢሰጥ አይጠቅምም፤ ስለዚህ ዓይነቱ መለየት አለበት። ለዚህም የሠለጠነ ባለሙያና ውድ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ያስፈልጋል።

የጎረቤትዎ ወሬ መሠረት አለው። የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎች የሚለግሱትን ፋክተር አቅም ለሌላቸው አገሮች ሲያከፋፍል ቆይቷል። ሌሎች የእርዳታ ፕሮጀክቶች ሐኪሞችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናሉ፤ የታማሚዎች መዝገብም ያደራጃሉ። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ገንዘቡ መጀመሪያ ለላቦራቶሪውና ለመዝገቡ ይዋል ባይ ነኝ። ያልተመረመረ ልጅ አይመዘገብም፤ ላልተመዘገበ ልጅ ደግሞ መድኃኒት አይጠየቅለትም። እርዳታው ሲያልቅ ጠርሙሱ ባዶ ይሆናል፤ የሠለጠነው ሰውና መዝገቡ ግን ይቀራሉ። ሪኤጀንቱን በየዓመቱ የሚገዛ የመንግሥት በጀት ከሌለ የምርመራ ማሽኑም አቧራ ይጠጣል፤ ይህን የጤና ኃላፊዎች ቢሰሙልኝ ደስ ይለኛል።

እርስዎ አሁኑኑ ከሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ያጽፉ። አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሄሞፊሊያ ሕክምና ማዕከል አለ። እስከዚያው ጉልበቱ ሲያብጥ ልጁን ያሳርፉት፤ እግሩን ከፍ አድርገው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ክልክል ናቸው። ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋ። ክትባት ግን አይቅር፤ ነርሷ አስቀድማ አውቃ በቀጭን መርፌ ትስጠው፣ ቦታውንም ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ትጫነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ፈጽሞ አይታሰብ። ጭንቅላቱን ከተመታ ደህና ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይውሰዱት።

ወንድም ከተወለደለት ሳይመረመር አይገረዝ። እህት ካለችውም ትመርመር፤ ጉድለቱን በዘር የተሸከሙ አንዳንድ ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ብዙ ይደማሉ። እርስዎም የራስዎን ፋክተር ሳያስለኩ አይመለሱ።